ጆሮው የሞተ ስልክ

ኖሙካ ደሴት፣ ቶንጋ
ኤፕሪል 28 ቀን 2014

ልጄ ሲናይ፣

ይሄ ወረቀት እጅሽ እስኪገባ ጌታ በጤና ያቆይሽ። የምትለቅሚውን ወይን ሁሉ ይባርክልሽ፣ ክፉ አለቃና ክፉ ጎረቤት አይስጥሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና አይደለም፤ እኔ ግን ደህና ነኝ። ዝናቡ አልፏል። የዳቦ ዛፉ ዘንድሮ እንደ ጉድ አፍርቶ የሚበላው ጠፍቷል። ጠዋት ጠዋት ከደጃፌ የወደቀውን ስጠርግ ወገቤ ተቆረጠ።

ይሄን የምጽፈው ያ ስልክ የሚባል ጠላቴ አላናግር ስላለኝ ነው። ያን እሮብ መሀል ላይ ሲቋረጥ እኔ ዘጋሁት ብለሽ እንዳታስቢ። ሶስት ሳምንት ሙሉ ዝም ብሎኝ ከርሞ አንድ ቀን ጮኸልኝ ብዬ ስደሰት፣ ልክ ዋናውን ነገር ስትነግሪኝ ድርግም! ባትሪው ነው። ጠዋት ፓስተሩ ቤት ወስጄ ከፀሐይ መብራታቸው ቻርጅ አደርገዋለሁ፤ እዚያ ሙሉ ነኝ ይላል። ቤት ደርሼ "ሀሎ" ስል ይሞታል። ልክ እንደ ሰነፍ ሰራተኛ፤ አለቃ ፊት ቀጥ ይላል፣ አለቃ ሲዞር ይተኛል። ጀርባው አብጦ ክዳኑ አልገጥም ስላለ በጎማ ላስቲክ ጠፍሬ አስሬዋለሁ። ሰባት ቁጥርን አንዴ ከነካሁት 777777 እያለ እስኪደክመው ይነጉዳል። መብራቱ ሲያሻው በራሱ ይበራል። ቀኑ ስንት ነው ብዬ ባየው ጃንዋሪ አንድ ይለኛል። ለሱ ሁሌ አዲስ ዓመት ነው፤ ምን ጎደለበት! ኔትወርኩ ደግሞ የሚይዘው በመስኮቱ ጥግ፣ አንድ ክንድ በማትሞላ ቦታ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ጥግ ላይ ቆሜ ቆሜ ወለሉን አጎድጉጄዋለሁ።

ጆሮው እንደሞተ ታውቂያለሽ። ጆሮዬ ላይ ብለጥፈው ጭጭ ነው። የሚሰማው ስፒከሩን ስከፍተው ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መንደሩ ሁሉ ይሰማል። ጆሮ የለው፣ አፍ ብቻ! ጎረቤቴን ፎሎላን ይመስላል።

ስለነገርሽኝ ነገር። ሆድሽ ውስጥ ስላለው። አልተቆጣሁም። ተቆጥቼ ነበር፣ አለፈልኝ። እናትሽ ከሞተች ጀምሮ አንቺንና ወንድምሽን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ጉልበቴ ከፈቀደ ይሄንንም አሳድጋለሁ። ኦክቶበር ላይ ኮንትራትሽ ሲያልቅ ቀጥ ብለሽ ቤትሽ ነይ። እዚሁ ትወልጃለሽ። በሰው አገር አትውለጂ።

ወንድምሽ ሳሚሶኒ ደህና ነው።

ከቻልሽ ባትሪ ላኪልኝ። ስልኩ ሳይሆን ባትሪው ነው የሚያስቸግረው። ስልኩም ያስቸግራል፤ ግን ከባትሪው እንጀምር።

ጌታ ክንፉን ያልብስሽ።

አያትሽ ላታይ

*

ሮቢንቫሌ፣ አውስትራሊያ
ሜይ 18 ቀን 2014

እማማዬ፣

ከወንዙ ዳር ሰላም እልሻለሁ። ጌታ ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፣ ወገብሽንም ይማርልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ወይኑ አልቆ ብርቱካን ገብተናል። ጠዋት ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ዛሬ እሁድ ስለሆነ አርፌ ነው የምጽፍልሽ።

ደብዳቤሽን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት የእጅሽን ጽሑፍ ነው። ሁልጊዜ የሚጽፍልሽ ሳሚሶኒ ነበር። ይሄን በሱ ማጻፍ እንደማይቻል ይገባኛል። ግን እማማ፣ አንቺ ስለ ወደቀ ፍሬ ስታወሪ ማቆሚያ የሌለሽ ሰው፣ ስለ ሳሚሶኒ አንዲት መስመር ጽፈሽ ነጥብ አደረግሽ። ከዚያ ወደ ባትሪ ሄድሽ።

ያን እሮብ አፌን ከመክፈቴ በፊት ጠይቄሻለሁ። "እማማ፣ ስፒከር ላይ ነኝ፤ ቤት ማን አለ?" አልኩሽ። "ማንም የለም፣ ተናገሪ" አልሽኝ። ለዚህ ብቻ ነው የተናገርኩት። ወንድም የእህቱን እንዲህ ያለ ነገር በጆሮው መስማት የሌለበት መሆኑን ያስተማርሽን አንቺ ነሽ። ፊልም እንኳ አብረን እንዳናይ አንዳችንን ወደ ጓሮ ትልኪ ነበር። ከሰማ ነውሩ የሁለታችንም ነው። ከዚያ ወዲያ በምን ፊት አንድ ቤት እንገባለን?

ስለዚህ በደንቡ ይሁን። ለፓስተሩ ንገሪ። ፓስተሩ ስማችንን ሳይጠሩ፣ በዘወርዋራ ይንገሩት። እሱም የሚለውን ለፓስተሩ ይበል። ከዚያ ያለውን ጻፊልኝ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤቱ የሱ ነው። እሱ "ትምጣ" ካለ ኦክቶበር ላይ እመጣለሁ። ካላለ አልመጣም። የመኖሪያ ወረቀቴ ቢያልቅም እዚሁ ተደብቄ እወልዳለሁ፤ ተደብቀው የሚኖሩ የኛ ሰዎች አሉ። የማልፈልገው ነገር አንድ ነው፤ ከመርከብ ወርጄ ወንድሜ ፊቱን ሲያዞርብኝ ማየት።

የልጁን አባት አትጠይቂኝ። ስልኩን ቀይሯል።

ባትሪውን ልኬያለሁ። እባክሽ ቶሎ መልሺልኝ።

ልጅሽ ሲናይ

*

ኖሙካ
ጁን 23 ቀን 2014

የኔ ዓይን ሲናይ፣

ጌታ በብርዱ መሀል ሙቀቱን ይላክልሽ። ብርቱካኑ ይቅለልሽ፣ መሰላሉ አያንሸራትሽ። ለመሆኑ አሁንም መሰላል ትወጫለሽ? ተይ!

ባትሪው ደረሰ፣ ተመስገን። ፎሎላ መጥታ "ለአሮጌ ዓሣ አዲስ መረብ" ብላ ሳቀችብኝ። ገጠምኩት። እውነትም ሁለት ቀን ሙሉ ሳይሞት ዋለ። ደስታዬን ሳልጨርስ ሌላ ጉድ አመጣ። አሁን ጉልበት አገኘና በራሱ ስልክ ያነሳ ጀመር! ሲጠራ ያ ሰባት ቁጥር ይንቀጠቀጥና ማንሻውን ይጫንልኛል መሰለኝ፣ እኔ ሳልነካው "ሀሎ" ይላል። በፊት ሬሳ ነበር፤ አሁን ጋኔን ሆነ።

ያን እሁድ የደወልሽ ጊዜ እኮ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ! ፓስተሩ ረጅሙን ጸሎት ጀምረው፣ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዝንብ ሲበር ይሰማል። ስልኩ ከጉያዬ አንድ ጊዜ "ጢር" አለና በራሱ ተነሳ። ከዚያ ያንቺ ድምፅ፣ "እማማ! ነገርሽው? ምን አለ?" አወጣሁና ልዘጋው ስል ሰባት ሰባት ሰባት እያለ አልዘጋ አለኝ። የማደርገው ሲጠፋኝ ተቀመጥኩበት። ከስሬ ደግሞ እንደታፈነ ሰው "እማማ! እማማ!" ትያለሽ። ፎሎላ ዓይኗን ሳትገልጥ፣

"ላታይ፣ መቀመጫሽ ምን ሆኖ ነው የሚጣራው?" አለችኝ።

"ጸልዪ አንቺ!" አልኳት።

"እኔማ እየጸለይኩ ነው፤ የሚያወራው ያንቺው ነው።"

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ፓስተሩ አሜን ሳይደርስ አሜን አሉ። ሳሚሶኒ ከዘማሪዎቹ ጋር ከፊት ነበር። አንገቱን አላነሳም። አልሰማም። እንዴት ይሰማል? ሩቅ ነው እኮ።

ለፓስተሩ ነገሩን ልነግራቸው ሄጄ ነበር። እንግዳ ነበረባቸው። በሌላ ቀን ሄድኩ፣ ጥርሳቸውን አሟቸው ጉንጫቸው አብጧል፤ ጉንጩ ያበጠ ሰው ዘወርዋራ ነገር መናገር ይችላል? ሲሻላቸው እነግራቸዋለሁ። ሳሚሶኒም የቦዬ ስራስር እየተከለ ነው፤ ከማሳ አይወጣም። ዘንድሮ ከሁሉ የበለጠ ተክሏል።

አንቺ ግን ስለዚህ አትጨነቂ። ነይ ብያለሁ፣ ነይ። የቤቱ አሮጊት እኔ ነኝ። የልጅሽን መጠቅለያ የልጥ ጨርቅ መቀጥቀጥ ጀምሬያለሁ። ፎሎላ "ለማን ነው?" ብላ ስትጠይቀኝ "ለመቃብሬ" አልኳት። አመነችኝ፤ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ቀጥቅጪ አለችኝ።

ጌታ ጆሮሽን ከክፉ ወሬ ይሰውር።

አያትሽ

*

ሮቢንቫሌ
ጁላይ 13 ቀን 2014

እማማ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ሶስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ሳቅኩ። በሁለተኛው መሳቅ አቃተኝ። በሶስተኛው የጠየቅኩሽን ፈለግኩ፤ የለም። ጸሎቱ አለ፣ ፎሎላ አለች፣ የፓስተሩ ጥርስ አለ። የሳሚሶኒ መልስ የለም።

ከዚያ ወዲህ አስራ አንድ ጊዜ ደውያለሁ። ዘጠኙን "ሊገኙ አይችሉም" አለኝ። አንዱን አንስተሽ "ሀሎ ሀሎ" ስትይ ሰማሁሽ፤ አንቺ ግን አትሰሚኝም። አንዱን ተሰማማን። "ሳሚሶኒስ?" ስልሽ "መብራቱ እምቢ አለኝ፣ አልጠፋም አለኝ" ብለሽ ስለ መብራቱ ጀመርሽ። እማማ፣ ያን ጊዜ ስልኩ ደህና ነበር። ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማው።

ሆዴ መታየት ጀምሯል። የአለቃው ሚስት አይታኝ ምንም ሳትናገር ከመሰላል አውርዳ ማሸጊያው ቤት አስገባችኝ። ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ኮንትራቱ ያልቃል። የአውሮፕላኑን ነገር እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ለቢሮው ካልነገርኩ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል። ከዚያ በኋላ ያለኝ መደበቅ ብቻ ነው።

አንድ ቃል ጻፊልኝ። ትምጣ አለ ወይስ አትምጣ? አዲስ ስልክ ይላክልኝ ካልሽም እልካለሁ፤ ጆሮ ያለው። ግን መጀመሪያ ቃሉን።

ሲናይ

*

ኖሙካ
ጁላይ 28 ቀን 2014

ሲናይ ልጄ፣

ጌታ ይጠብቅሽ። እጄን አሞኛልና አላስረዝምም። ስልክ አትላኪ። ባትሪም አትላኪ፣ ምንም አትላኪ። ነይ ብቻ።

አያትሽ

*

ሮቢንቫሌ
ኦገስት 17 ቀን 2014

ለአያቴ ለወይዘሮ ላታይ፣

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበቱ? እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልዎ።

የላኩልኝ ሶስት መስመር ደርሶኛል። በዚሁ ሳምንት ደግሞ ሉሲያ መጣች፤ የኛው የኖሙካዋ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያሉት ሰዎች ልጅ። ከአዲሶቹ ሰራተኞች ጋር ነው የመጣችው። ከኔ አልጋ አጠገብ ተኝታ የአገሩን ወሬ ታወራልኛለች። ክፋት የላትም፤ የማውቅ መስሏት ነው።

ሳሚሶኒ ከቤት ከወጣ ወራት አለፈ አለችኝ። ቦዬው ማሳ ውስጥ ጎጆ ቀልሶ እዚያ ነው የሚያድረው አለችኝ። እርስዎ የሰሩለትን ምግብ ደጅ ያስቀምጡለታል፤ አንዳንዴ ያነሳዋል፣ አንዳንዴ ውሻ ይበላዋል አለችኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳት። በአንድ እሮብ ነው አለች። ኤፕሪል ውስጥ። ከፋሲካ በፊት ባለው እሮብ ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ነበር፤ ታሞ እየተንገዳገደ፣ ጫማውን ሳያደርግ ከቤት ሲወጣ እናቷ አይታዋለች።

እኔ ያን እሮብ ነበር የደወልኩት።

ታዲያ እርስዎ አራት ወር ሙሉ ስለ ስልክ ጻፉልኝ። ስለ ላስቲኩ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ሰባት ቁጥር። እኔ ደግሞ እዚህ ሆኜ በደንቡ እንዲነገረው እጠብቃለሁ። ለካ የሰማው ከኔው አፍ ነው! ያንን ሁሉ፤ የት እንደተኛሁ፣ ከማን ጋር እንደተኛሁ፣ ስንት ወር እንደቀረብኝ። ወንድሜ!

አንድ ነገር ብቻ እጠይቅዎታለሁ። "ማንም የለም" ሲሉኝ እዚያ መኖሩን ረስተውት ነበር ወይስ ያውቁ ነበር?

ሲናይ

*

ኖሙካ
ሴፕቴምበር 8 ቀን 2014

ሲናይ ልጄ፣

ምርቃት አልጽፍም። ዛሬ መራቂ አይደለሁም። "እርስዎ" ብለሽ የጻፍሽልኝን ሳነብ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጥፊ ቀምሼ አላውቅም፤ ይገባኛል ግን።

አውቅ ነበር።

መጀመሪያ "የተኛ መስሎኝ ነው" ብዬ ጽፌ ነበር፤ ይኸው ሰርዤዋለሁ። አልተኛም። ከመጋረጃው ጀርባ ሲስል ሰምቼዋለሁ። ስልኩ ከመጮኹ በፊት ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ።

ሶስት ሳምንት ሙሉ ነበር አልጮኽ ያለኝ። ጠዋት ጠዋት እዚያች መስኮት ጥግ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሞተሽ ይሆን፣ ከመሰላል ወድቀሽ ይሆን እላለሁ። ያን ቀን ሲጮኽ ጉልበቴን ረስቼ አነሳሁት። ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። "ቤት ማን አለ?" ስትይኝ ነገሩ ከባድ መሆኑን አወቅኩ። "ቆይ ልውጣ" ብል ከዚያች ጥግ አንድ እርምጃ ስርቅ ኔትወርኩ ይሄዳል። "በኋላ ደውይ" ብል፣ ለዚያ ስልክ በኋላ የሚባል ነገር የለውም። ስፒከሩን ልዝጋ ብል ጆሮ የለውም። ልጅቷ ዛሬ ካልተነፈሰች ታብዳለች አልኩ። እና ዋሸሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔ ደግሞ ወለምታ እንኳ አይደለም፣ ሆን ብዬ ነው የረገጥኩት።

ገና ሳትጨርሺ መጋረጃው ተገለጠ። በጎኔ አለፈ። አላየኝም፣ አላየሁትም። በኋላ በደብዳቤ "ባትሪው ነው" ያልኩሽ ያን ጊዜ የተቋረጠውን ነው። ባትሪው አልሞተም። እኔ ነኝ ላስቲኩን በጥሼ ያወጣሁት።

ከዚያ ወዲያ ፓስተሩ ቤት ደጃፍ ስንት ጊዜ ደረስኩ መሰለሽ። ጥርሳቸው ደህና ነው። ለፓስተሩ ልንገር ስል የኔን ውሸት ሳልነግራቸው ያንቺን መንገር አልችልም። ምላሴ እንዲህ ረጅም ሆኖ ለዚህች አጠረብኝ።

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰኝ። አርብ ጠዋት ዓሣ በኮኮናት ወተት ሰርቼ በጎደሬ ቅጠል ጠቅልዬ፣ ጉልበቴን እየረገምኩ ማሳው ድረስ ሄድኩ። አምስት ቦታ ተቀምጫለሁ። ሳሚሶኒ ጎጆው ደጅ ቆንጨራ ይስላል።

"ደህና ዋልክ" አልኩት።

"ደህና ዋልሽ" አለኝ።

በቃ። አፌን ከፍቼ ፊት ለፊት ብነግረው፣ የእህቱን ነገር ሁለተኛ ጊዜ አሰማሁት ማለት ነው። ዝም ብል የመጣሁበት ቀረ። ሴቷ አሳማ ከማንጎው ስር ታስራ መሬት ትቆፍራለች። ጀርባዬን ሰጠሁትና ለሷ ነገርኳት።

"አንቺ አሳማ!" አልኳት። "ስሚኝ። እኔ አሮጊቷ ውሸታም ነኝ። ከመጋረጃ ጀርባ ሰው እንዳለ እያወቅኩ ማንም የለም አልኩ። ልጅቷ ጠይቃለች፤ ልጅቷ ደንብ ታውቃለች፣ ያሳደጋት ሰው ነው የማያውቅ። ነውሩ የሷም አይደለም፣ የሰማውም ሰው አይደለም። የኔ ነው። አሁን ቤቷ መምጣት ፈርታለች። ወንድሜ ፊቱን ያዞርብኛል ብላ በሰው አገር እንደ ሌባ ተደብቃ ልትወልድ ነው። ይሄን ነው የመጣሁት ልነግርሽ፤ ለሌላ ለማንም አልተናገርኩም።"

መሳሉን አቆመ። አሳማዋ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ወደሱ አልዞርኩም። ሲናይ፣ ምላሴን ነክሼ ነው የያዝኩት።

"አንቺ አሳማ" አለ በመጨረሻ። "ለዚያች አሮጊት ጩኸቷን ትቀንስ በያት። ደንቆሮ አይደለሁም።"

"በይው፣ አሮጊቷም ስትጮህ የኖረችው ከስልክ ጋር ስለሆነ ነው" አልኩ።

"ደግሞ በያት፣ በዚያ ሳምንት ትኩሳት ነበረኝ። ትኩሳት ያለበት ሰው ብዙ ነገር የሰማ ይመስለዋል። ሲድን ምንም አልሰማም።"

"ታዲያ ምንም ያልሰማ ሰው ለምን አምስት ወር ሜዳ ያድራል? ጠይቂልኝ።"

ቆንጨራው መሬት ሲነካ ሰማሁ። ከዚያ ድምፁ ወፈረ።

"በያት፣ መጀመሪያ ሰምቶ ነበር። ላለመስማት አምስት ወር ፈጀበት።"

አለቀስኩ። እያለቀስኩም አሳማዋን "ምን ታፈጥጪብኛለሽ!" አልኳት። ሳሚሶኒ ተነስቶ መጣና በኔና በአሳማዋ መሀል ጎንበስ አለ። ገመዷን አጠበቀ፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት።

"አንቺ" አላት፣ "ከእንግዲህ ጌታሽ እኔ አይደለሁም። የእህት ልጅ ያጎቱን አሳማ ሳያስፈቅድ ይወስዳል፤ ደንቡ ነው። ወፍረሽ ጠብቂ።"

ከዚያ ዓሣዬን አንስቶ ጎጆው ገባ። ከውስጥ ሆኖ ለማንም ሳይል፣ "ቤቱ ውስጥ እህት ካለች ወንድም ውጭ ነው የሚያድረው። ጎጆው ይመቸኛል" አለ። ሲበላ ሰማሁት። እስኪጨርስ ደጁ ላይ ቁጭ አልኩ።

ያለው ይሄ ነው። ቃል በቃል ነው የጻፍኩልሽ፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ይሄን እንኳ እመኚኝ ለማለት አፍ የለኝም። ሉሲያን ጠይቂያት፤ እናቷ ዛሬ አሳማዋ ስትቀለብ አይታለች።

ላታይ

*

ሮቢንቫሌ
ሴፕቴምበር 28 ቀን 2014

እማማ፣

ጌታ ከነጉልበትሽ ያቆይሽ።

ደብዳቤሽን ማሸጊያው ቤት ሳጥን ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የአለቃው ሚስት ሰው የሞተብኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ። ከዚያ አብረን ቢሮ ሄደን ስሜን አስጻፍኩ። ኦክቶበር 24 አርብ በመርከቡ እመጣለሁ።

ለሳሚሶኒ አትንገሪው። ለአሳማዋ ንገሪያት።

የሱ ነገር አልቋል። እሱ ላለመስማት አምስት ወር ፈጀበት፤ እኔም ላለመናገር እሞክራለሁ። ያንቺ ግን አላለቀም። ውሸትሽን ሳይሆን ከውሸትሽ በኋላ ያሉትን ደብዳቤዎች ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ። ሁሉንም ይዣቸው ነው የምመጣው። አንድ በአንድ አነብልሻለሁ፣ አንቺ ደግሞ ቁጭ ብለሽ ትሰሚያለሽ። አታቋርጪኝም። ፎሎላ ጋ ሮጠሽ አትሄጂም። ጨርሼ ሲወጣልኝ፣ ያን ጊዜ ጉልበትሽን አሽልሻለሁ።

እስከዚያ ከወደቡ ደረጃ ላይ አትቁሚ፤ ያንሸራትታል። ከላይ ከጥላው ሆነሽ ጠብቂኝ። እኔ ወደ ላይ እመጣለሁ።

ሲናይ